የቅጠል ብዛት ወይስ የቅጠል አቋቋም?

በመስከረም ወር ከከተማ ወጣ ብሎ ማሳ የተመለከተ ሰው አዝመራውን የሚያመሰግነው «እንዴት ጥቅጥቅ ያለ ነው!» እያለ ነው። እኔ ግን በዚህ ምስጋና ውስጥ ያለው እውነት ግማሽ ብቻ ይመስለኛል። ማሳ በቅጠሉ ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ ቅጠሉ ብርሃን ለመቀበል በቆመበት አኳኋንም ሊመዘን ይገባዋል እላለሁ።

ተክል ከአየር ባገኘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ ከሥሩ በሳበው ውሃና በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንደሚሠራ፥ ይህም ፎቶሲንተሲስ እንደሚባል በባዮሎጂ ክፍል ተምረናል። ነገር ግን መጽሐፋችን የሚያሳየን አንዲት ቅጠል ናት፤ ገበሬው የሚያርሰው ግን ለእልፍ አእላፍ ቅጠሎች ማኅበር ነው። በዚህም ማኅበር የላይኛው ጠግቦ ሳለ የታችኛው ይራባል።

እንግሊዛዊው ሊቅ ዋትሰን በ1947 (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ስንት ካሬ ሜትር ቅጠል እንዳለ የሚገልጸውን መለኪያ አቀረበ። በ1953 ደግሞ ጃፓናውያኑ ሞንሲና ሳኤኪ ብርሃን በቅጠሎች መካከል ወደ ታች ሲወርድ እንዴት እንደሚቀንስ በቀመር አሳዩ። ቀመሩ እኛ «ይህ መቼ ይጠቅመናል?» እያልን የምናጕረመርምበት የኤክስፖኔንሻል ቀመር ነው! ሁለት ቍጥሮች ይዟል፤ አንደኛው የቅጠሉ ብዛት ሲሆን፥ ሁለተኛው ቅጠሉ ብርሃን የሚጋርድበት መጠን ነው። ይህ ሁለተኛው ቍጥር ቀጥ ብለው ለሚቆሙ ቅጠሎች 0.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፥ ተዘርግተው ለሚተኙት ወደ 0.9 ይጠጋል።

እስቲ እናስላው። የመጀመሪያው አንድ ካሬ ሜትር ቅጠል የተዘረጋ ከሆነ ከብርሃኑ 59 በመቶውን ይወስዳል፤ የቆመ ከሆነ ግን 39 በመቶ ወስዶ የቀረውን ለታችኞቹ ያሳልፋል። አንባቢ «ታዲያ ብዙ የወሰደው አይሻልም ወይ?» ይል ይሆናል። አይሻልም፤ የስንዴ ቅጠል በቀትር ፀሐይ የሚያገኘው ብርሃን ሊሠራበት ከሚችለው በላይ ነውና ትርፉ በሙቀት መልክ ይባክናል። ብዛትን መጨመርም ቢሆን ወሰን አለው። ቅጠሉ ቀጥ ያለ ሰብል ከአራት ካሬ ሜትር ቅጠል ወደ ስድስት ቢያድግ ተጨማሪ የሚያገኘው ብርሃን ከመቶ ዘጠኝ እንኳ አይሞላም። እርግጥ ነው፥ ቡቃያው ገና ትንሽ ሳለ የተዘረጋው ቅጠል ይበልጣል፤ መሬቱን ቶሎ ሸፍኖ አረሙንም ያፍናል። ስለዚህ ለዘመኑ ሁሉ የሚሆን አንድ አቋቋም የለም።

በ1966 በፊሊፒንስ የወጣው አይ አር 8 የተባለው የሩዝ ዘር ቁመቱ አጭር፥ ቅጠሉም ቀጥ ያለ ነበር። ማዳበሪያ ሲጨመርለት ሳይወድቅ ብዙ ፍሬ ስለ ሰጠ በእስያ ተስፋፋ።

የእኛስ ጤፍ? ጤፍ ይጋሸባል። («ግሽበት» ዛሬ በጋዜጣ ላይ የዋጋ ነገር ሆኖ ቀረ እንጂ ገበሬው የሚያውቀው በማሳው ነው።) የተጋሸበ ጤፍ በአንድ ዝናብና ነፋስ አቋቋሙን ለውጦ የተነባበረ ምንጣፍ ይሆናል፤ ከላይ ያለው ብርሃኑን ይይዛል፥ ከሥር ያለው በጨለማ ይቀራል፥ ፍሬውም ገና ሳይሞላ ይጎዳል። በ2006 ከደብረ ዘይት የምርምር ማእከል የወጣው «ቁንጮ» በምርቱና በነጭነቱ ተወዳጅ ቢሆንም፥ ግሽበት ዛሬም ከጤፍ አልተላቀቀም። «ለገበሬው መጀመሪያ ማዳበሪያ ይድረሰው፥ ቀመሩ ቅንጦት ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ። ናይትሮጅን ሲበዛ አገዳው ይረዝማል፥ ይለሰልሳል፥ ይወድቃልም፤ ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ሰብሉን የሚጥልበት ጊዜ አለ ማለት ነው። ስለዚህ የአገዳ ጥንካሬና የቅጠል አቋቋም ከማዳበሪያው ጋር እኩል ገንዘብና እኩል ተመራማሪ ሊመደብላቸው ይገባል ባይ ነኝ።

ቀመሩን ሳይጽፉ የሚሠሩበት አባቶችም አሉን። ሐረርጌ ማሽላውን ከቦሎቄ ጋር ይዘራል፤ የጌዴኦ ገበሬ ከትልልቅ ዛፎች ሥር እንሰት፥ ከእንሰቱም ጋር ቡና አድርጎ ብርሃኑን በየደረጃው ያካፍላል።

ለመምህሮቻችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በሚመጣው መስከረም የሒሳቡና የባዮሎጂው ክፍል አብረው ወደ አንድ የበቆሎ መደብ ይውረዱ። ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ቀን በእጅ ስልክ የብርሃን መለኪያ ከበቆሎው በላይና ከሥሩ እንለካ። የእያንዳንዱን ቅጠል ርዝመት በወርዱና በ0.75 እናባዛ፥ እንደምር፥ በካሬ ሜትር ባለው የተክል ቍጥር እናባዛ። ከዚያም የሁለቱን ብርሃን ንጥጥር ሎጋሪዝም ለቅጠሉ ብዛት ብናካፍለው የበቆሏችን አቋቋም በቍጥር ይወጣል። የስልኩ መለኪያ መጠነኛ ጕድለት አለበት፤ ቢሆንም ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ይበቃል፥ ማስመሪያና ክር ደግሞ ከእኛ አይጠፋም።