«የትኛውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ልግዛ?» ለምትሉኝ ሁሉ

«መምህር፣ ለጥናት የትኛው የእንግሊዝኛ ትርጉም ይሻለኛል?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ወር የለም። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው።

አጭሩ መልስ፦ በአንድ ብቻ አትወሰኑ። ሁለት ያዙ፣ አማርኛውንም አጠገባችሁ አድርጉ።

አንዱ ለቃሉ የሚጠጋ ይሁን፤ ኢኤስቪ ወይም ኤንአርኤስቪ ጥሩ ናቸው። ሁለተኛው ሐሳቡን በዛሬ እንግሊዝኛ የሚያስረዳ ይሁን፤ ለምሳሌ ኤንኤልቲ። ኤንአይቪ በሁለቱ መሐል ነው። «ዘ ሜሴጅ» ግን የአንድ ሰው፣ የዩጂን ፒተርሰን ሥራ ነው። ሲያነቡት ደስ ይላል፤ ቃል እየመዘዛችሁ ለመከራከር ግን አይሆንም።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልምጣ።

ከዓመታት በፊት የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን እያጠናን አንድ ተማሪ ኤንአይቪ ይዞ መጣ። «ቁጥር 37ን አንብብልን» አልኩት። የለም! ከ36 ወደ 38 ይዘላል። የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የእምነት ምስክርነት ያለበት ቁጥር እኮ ነው። እኔም በሰው ፊት «ይሄ የተቆረጠ መጽሐፍ ነው፣ አታምጣብን» አልኩት። ልጁ መጽሐፉን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት መጣና ቀረ።

ቁጥሩ ከገጹ ግርጌ፣ በትንሽ ፊደል ከነማብራሪያው ተጽፎ ነበር። ዝቅ ብዬ አላየሁትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኪንግ ጀምስ (1611፣ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አዲስ ኪዳን የተመሠረተው ኤራስመስ በ1516 ካሳተመውና ከዚያ በኋላ እየታረመ ከታተመው የግሪክ ጽሑፍ ላይ ነው። ኤራስመስ እጁ ላይ የነበሩት ጥቂት፣ አብዛኞቹም ዘግየት ያሉ የእጅ ጽሑፎች ነበሩ። ኋላ ላይ ሊቃውንት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉትን፣ ሲናይቲከስና ቫቲካነስ የሚባሉትን መረመሩ። እነሱ ላይ ይህ ቁጥር የለም። ስለዚህ አዳዲሶቹ ተርጓሚዎች ወደ ግርጌ አወረዱት። በሌላ በኩል ሄሬኔዎስ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይህን የጃንደረባውን ቃል ጠቅሶታል። ነገሩ ሊቃውንት የሚመዝኑት ጉዳይ ነው፤ ሴራ አይደለም። «ጾምን ከማቴዎስ 17፥21 አወጡት» የሚባለውም እንዲሁ ነው። ያው ኤንአይቪ ማቴዎስ 6 ላይ ስለ ጾም የተሰጠውን ትምህርት ሙሉውን ይዟል። ጾምን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው ያንን ይተወው ነበር?

ኪንግ ጀምስን የምትወዱ አትቆጡኝ፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን እንግሊዝኛው አርጅቷል። 1ኛ ተሰሎንቄ 4፥15 ላይ «ፕሪቬንት» ይላል። የዛሬ አንባቢ «መከልከል» ብሎ ይረዳዋል፤ በዚያ ዘመን ግን «መቅደም» ማለት ነበር። አማርኛችንን ግለጡ፦ «አንቀድምም» ይላል። በቃ፣ ጥያቄው ተመለሰ።

አማርኛውን አትተዉ የምለው ለዚህ ነው። የዛሬው እንግሊዝኛ «አንተ»ንም «እናንተ»ንም «ዩ» ይላል። ሉቃስ 22፥31-32ን በእንግሊዝኛ ብቻ ስታነቡ ሰይጣን የፈለገው ጴጥሮስን ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። ግሪኩ ግን ሰይጣን ሊያበጥር የለመነው ሁላቸውንም እንደሆነ፣ ጌታ የጸለየው ደግሞ ለይቶ ለጴጥሮስ እንደሆነ ያሳያል። አማርኛው «ሊያበጥራችሁ» እና «ስለ አንተ» ብሎ ቁልጭ አድርጎ ለይቶታል። የ2011ዱ ኤንአይቪ ይህን ለማሳየት «ሁላችሁን» የሚል ቃል መጨመር አስፈልጎታል። 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥16ንም እዩት፤ ቤተ መቅደስ የተባለው «አንተ» አይደለም፣ «እናንተ» ናችሁ። ከዚህ አንድ ፊደል የሚወጣው ትምህርት ብዙ ነው።

ኦርቶዶክስ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ገበያ ላይ የምታገኟቸው አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ ቅጂዎች 66 መጻሕፍት ብቻ የያዙ ናቸው። ጦቢትን፣ ዮዲትን፣ ሲራክን ከፈለጋችሁ ኤንአርኤስቪን «ከአፖክሪፋ ጋር» የሚለውን እትም ጠይቁ። ሄኖክና ኩፋሌ ግን እዚያም የሉም፤ ለብቻ መፈለግ ነው።

ሁለቱ ትርጉሞች ሲለያዩባችሁ አትደንግጡ። እዚያ ጋ ቁሙ፣ የግርጌውን ማስታወሻ አንብቡ፣ አማርኛውን ግለጡ። ጥናት የሚጀምረው እዚያ ነው። ደግሞ ሌላ ሰው የያዘውን ቅጂ ከመንቀፋችሁ በፊት ገጹን እስከ ታች እዩት።

ያ ልጅ ዛሬ የት እንዳለ አላውቅም። ይህን ካነበብክ ይቅርታ አድርግልኝ። መጽሐፍህ ደህና ነበር።

እናንተስ በየትኞቹ ታጠናላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ስድብ ግን አልፈልግም።