የማይነበብ የተባለው ፊደል፦ የፌዝ 2 አጻጻፍ ከባቡር እስከ መጽሔት ሽፋን

በመጽሔት ሽፋን ላይ የወጣ የግራፊቲ ፊደል በጥናታዊ ጽሑፍ ውስጥ ሲጠቀስ ዕጣው ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ምስሉ ይታተማል፣ ከሥሩ የመጽሔቱ ስምና ዓመቱ ይሰፍራል፤ ፊደሉ ምን እንደሚል ግን አይጻፍም። አጥኚው «ለማንበብ የሚያዳግት» ብሎ ያልፈዋል፤ አንባቢውም አብሮት ያልፋል። በእኔ እምነት ይህ ልማድ ጽሑፍን ከጌጥ የመቁጠር ስሕተት ነው። ክርክሬን የምመሠርተው በአንድ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ እርሱም ፌዝ 2 በሚል ስም የሚታወቀው የኒው ዮርኩ ማይክል ሎውረንስ ማሮው (1955–2019) ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሐምሌ 1971 ኒው ዮርክ ታይምስ ታኪ 183 እያለ በየሥፍራው ስለሚጽፍ ወጣት ዘገባ ሲያወጣ፣ ጽሑፉ የቅጽል ስምና የመንገድ ቁጥር ብቻ ነበር። የእጅ ጽሕፈቱም ተራ ስለ ነበር ማንም ያነበው ነበር። ጸሐፊዎቹ በበዙ ቁጥር ግን ስምን መጻፍ ብቻውን የሚያስታውቅ መሆኑ ቀረ። ፌዝ 2 በ1972 ገደማ እንደ አረፋ ያበጡ ፊደላትን ያመጣው በዚህ ፉክክር መካከል ነው። ቀጥሎም ፊደላቱ እርስ በርስ ተደራረቡ፣ ከጫፎቻቸውም ቀስቶች በቀሉ። እንግዲህ የተነባቢነት መቀነስ የመጣው አንዱ ጸሐፊ ከሌላው ተለይቶ ለመታየት ከከፈለው ዋጋ እንጂ ከመደበቅ ፍላጎት ብቻ አልነበረም።

ለመሆኑ ማን ያነበው ነበር? በብሮንክስ 149ኛው መንገድና ግራንድ ኮንኮርስ በሚገናኙበት የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወጣት ጸሐፊዎች የሚሰበሰቡበት አግዳሚ ወንበር ነበር። እዚያ ተቀምጠው ባቡሮቹ ሲያልፉ ይጠብቃሉ፤ የማን ሥራ እንደ ሆነ ይለያሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይነቅፋሉ። ሌላው ተሳፋሪ የቀለም ውጥንቅጥ ያየበትን ፉርጎ እነርሱ በሰከንዶች ውስጥ ያነቡት ነበር። የብራና ጽሕፈት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ የዘመናችን ተማሪ ይደናገራል፤ ስለዚህ ግን ብራናው አይነበብም አንልም። ተነባቢነት የፊደሉ ባሕርይ ብቻ አይደለም፤ ፊደሉንና እርሱን የተማረውን አንባቢ የሚያገናኝ ጉዳይ ነው።

ይህን የሚያጠናክር ሌላ ማስረጃ አለ፤ በጥናት ውስጥም ከሚገባው በታች የሚነሣ ይመስለኛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ፌዝ 2 ለሂፕ ሆፕ ጭፈራ ምሽቶች የሚበተኑ የማስታወቂያ ወረቀቶችን ይነድፍ ነበር። ቀኑና ቦታው ካልተነበበ ሰው አይመጣም፤ ስለዚህ በወረቀቶቹ ላይ ያው እጅ ፊደሉን ለማንም እንዲገባ አድርጎ ያሰልፈዋል። ሰውየው ሁለቱንም ያውቅ ነበር ማለት ነው። በባቡሩ ላይ የተጠቀመበት አጻጻፍ የችሎታ ጉድለት ሳይሆን ለማን እንደሚጽፍ የወሰነበት ምርጫ ነበር።

ወደ ሽፋኑ ስንመጣ ጥያቄው ይለወጣል። የመጽሔት ሽፋን እንደሚያልፈው ባቡር በጨረፍታ የሚታይ ነገር ነው፤ አንባቢው ግን አግዳሚው ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ሌሎች ፊደሉን ፎቶግራፍ አንሥተው ሲያወጡት ናሙና ይሆናል፤ አርእስቱንም ሆነ ማብራሪያውን የሚሰጡት እነርሱ ናቸው። ፎቶግራፍ አንሺው ዴቪድ ሽሚድላፕ በ1980ዎቹ በጀመረው «ኢንተርናሽናል ግራፊቲ ታይምስ» የሆነው ግን የተለየ ነው። ፌዝ 2 የኅትመቱ የሥነ ጥበብ ዳይሬክተር ሆነ፤ ገጹ በእርሱ እጅ ገባ። «ግራፊቲ» የሚለውን ቃል ውጭ ያለ ሰው የለጠፈው ስያሜ ነው ብሎ ይቃወመው ስለ ነበር፣ ሥራውንም «ጽሕፈት» ብቻ ብሎ ይጠራው ስለ ነበር፣ የኅትመቱ ስም «ኢንተርናሽናል ጌት ሂፕ ታይምስ» ወደሚል ተለወጠ። የመጀመሪያዎቹ ፊደላት እንዳሉ ቀሩ፤ ፍቺያቸው ተቀየረ። በእነዚህ ሁለት ዓይነት ኅትመቶች ላይ የወጡ ፊደላትን በአንድ ዓይነት መግለጫ የሚጠቅስ ጥናት ዋናውን ነገር ስቶታል።

እዚህ ላይ ለእኛ የሚቀርብ አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የላቲን አር እግር ምንም ያህል ቢረዝም፣ ቀስትም ቢወጣለት፣ አር ነው። የ«በ» ቀኝ እግር ግን ሲረዝም «ባ» ይሆናል፤ ከቀኝ ጎኑ ላይ አጭር መስመር ሲወጣለትም «ቡ» ይሆናል። በፊደላችን ቅጥያ ድምፅ ነው። ስለዚህ የኒው ዮርኩን ስልት እንዳለ ወደ አማርኛ ማምጣት የሚቻል አይመስለኝም። ሠዓሊው ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በሸራዎቹ ላይ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው፤ ፊደሉን ከቃል አላቆ በራሱ ቅርጽ እንዲቆም አድርጎታል። የእርሱን ሥራ «ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ ላያስኬድ ይችላል፤ ስሙን ለጻፈ ሰው ግን ይህ የመጀመሪያው ጥያቄ ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሡ ይሆናል። አንደኛው፣ የተሰወረውን ስም ገልብጦ ማተም ጸሐፊውን ያጋልጣል የሚል ነው። ኒው ዮርክ በ1972 ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ እንዳወጣች ስናስብ ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። መፍትሔው ግን የተጻፈውን ስም መገልበጥና በይፋ ካልታወቀ በቀር ከሰውየው መዝገባዊ ስም ጋር አለማያያዝ ነው። ሁለተኛው፣ አጥኚው ተሳስቶ ሊያነብ ይችላል የሚል ነው። በእርግጥ ይችላል። የጥንታዊ ጽሑፍ ተመራማሪዎች አጠራጣሪውን ፊደል በምልክት ለይተው ያስቀምጣሉ፤ እኛም እንዲሁ ማድረግ አያቅተንም።

ጉዳዩ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። የኒው ዮርክ ትራንስፖርት ባለሥልጣን በግንቦት 1989 በጽሑፍ የተሸፈነውን የመጨረሻ ባቡር ከአገልግሎት አስወጣ፤ ፉርጎዎቹ ታጥበዋል ወይም ቀልጠዋል። የቀረን ፎቶግራፍና የታተመ ወረቀት ነው። እነዚያን ፊደላት በአግዳሚው ወንበር ላይ ማንበብ የተማሩት ሰዎችም ዛሬ አርጅተዋል፤ ፌዝ 2 ራሱ በ2019 አርፏል። ስለዚህ በዚህ መጽሔት የሚቀርቡ ጽሑፎች ከእንዲህ ያለ ሽፋን ምስል ሥር ሦስት ነገር እንዲያሰፍሩ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ ፊደሉ የሚለውን፣ የጻፈው ሰው ራሱን የጠራበትን ስም፣ እንዲሁም ሽፋኑ ላይ እንዲወጣ የወሰነው ማን እንደ ሆነ። አጥኚው ማንበብ ካልቻለ «አልተነበበም» ከማለት «እኔ አላነበብሁትም» ብሎ ይጻፍ።