በአንድ እግሯ ያረፈችው ሱሪያ ቦናሊ

እ.ኤ.አ. በ1998 ናጋኖ፣ ጃፓን። ለፈረንሳዊቷ የበረዶ ላይ ተንሸራታች ሱሪያ ቦናሊ ሦስተኛ ኦሊምፒኳ ነው፤ የመጨረሻዋም ሆነ። ከሁለት ዓመት በፊት የተበጠሰው የተረከዝ ጅማቷ እንደ ድሮው አያዘልላትም። ሜዳሊያ እንደማይደርሳት ገብቷታል። በበረዶው ላይ የኋሊት እየተንሸራተተች መጣችና ድንገት ተፈናጥራ በአየር ላይ ተገለበጠች። ያረፈችው በአንድ እግሯ፣ በቀጭን የብረት ስለት ላይ ነው። ተመልካቹ በጭብጨባ አዳራሹን አናወጠው። ዳኞቹ ነጥብ ቀነሱባት፤ 10ኛ ወጣች።

የኋሊት መገለባበጥ በፊገር ስኬቲንግ ውድድር ክልክል ነበር። አሜሪካዊው ቴሪ ኩቢካ በ1976 የኢንስብሩክ ኦሊምፒክ ከሠራው በኋላ ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ማኅበር አደገኛ ነው ብሎ አገደው። በሁለት እግር ስለሚታረፍ የስኬቲንግ ዝላይ አይባልም የሚሉም ነበሩ። ሱሪያ ለእነዚህ መልስ የሰጠችው በእግሯ ነው።

የተወለደችው በ1973 ኒስ ከተማ ሲሆን፣ በሕፃንነቷ በማደጎ ወስደው ያሳደጓት ፈረንሳውያን ባልና ሚስት ናቸው። እናቷ ሱዛን የስፖርት መምህርት ነበረች፤ በኋላም አሠልጣኟ ሆናለች። ልጅቷ ጂምናስቲክም ስለሠራች መገለባበጡ አዲስ አልነበረም። ቀድሞ ያሠለጠናት ሰው ግን ከሕንድ ውቅያኖሷ ሬዩኒዮን ደሴት የመጣች ናት ብሎ ለጋዜጠኞች ተረት አወራ፤ እነሱም ተቀብለው አራገቡት። ገና በጠዋቱ ጥቁሯን ልጅ ከሩቅ እንደመጣች እንግዳ ማየት የጀመሩት እንዲህ ነው።

አምስት ጊዜ የአውሮፓ፣ ዘጠኝ ጊዜ የፈረንሳይ ሻምፒዮን ሆናለች። በዓለም ሻምፒዮና ግን ከ1993 እስከ 1995 በተከታታይ ብር ብቻ። በ1994 ቺባ ላይ ከጃፓናዊቷ ዩካ ሳቶ ጋር ተናንቃ በዳኞች ድምፅ 5 ለ 4 ተሸነፈች። በሽልማቱ ሰዓት መድረኩ ላይ አልወጣም ብላ አጠገቡ ቆመች። አግባብተው አወጧት። ብሩ አንገቷ ላይ ሲጠለቅላት አወለቀችው፤ እንባዋ ይወርድ ነበር። ተመልካቹ ጮኸባት።

ሳቶ ጎበዝ ነበረች፤ ይነጻጸር ከተባለ አንሸራተቷ ከሱሪያ የለሰለሰ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። የሚያንገበግበው ሌላ ነው። ኃይል አላት እንጂ ለዛ የላትም የሚለው ወቀሳ ዘመኗን ሙሉ ተከትሏታል፤ ለዛ ደግሞ በሜትር አይለካ፣ በሰዓት አይያዝ። ደራርቱ ቱሉ በ1992 ባርሴሎና ላይ የ10 ሺህ ሜትሩን መስመር ቀድማ ስታልፍ አሯሯጧ ያምራል አያምርም ብሎ ነጥብ የሰጠ አልነበረም። በዚያው ዓመት በአልበርትቪል የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ሱሪያ በአየር ላይ አራት ጊዜ የሚዞረውን ዝላይ ሞከረች። ዙሩ አልሞላም ተብሎ አልተቆጠረላትም፤ 5ኛ ሆነች። ያኔ በሴቶች ውድድር ይህን ለመድፈር የሚያስብ እንኳ ብርቅ ነበር።

ማኅበሩ በ2024 እገዳውን አነሳ። ደግ አደረገ፤ ነገር ግን ደንብ መሰረዝ ብቻውን አይበቃም። በናጋኖ የቀነሰባት ነጥብ ስህተት እንደነበር በስሟ ጠርቶ ሊነግራት ይገባል። ሱሪያ በ2004 የአሜሪካ ዜግነት አግኝታ እዚያው ልጆች ማሠልጠን ይዛለች። ከእነዚያ ልጆች አንዱ ያን መገለባበጥ ነገ በውድድር ላይ ቢሠራ ነጥብ አይቀነስበትም።