ለአንድ ሕመምተኛ ሁለት ሥነ ምግባር?

ልጃችን ሕክምና ወይም ነርሲንግ ሊማር ሲገባ ብዙ እንጠይቃለን። ስንት ዓመት ይፈጃል? የት ይመደባል? ደመወዙስ? ስለ ሕመምተኛ ክብርና ምስጢር ከማን ጋር ተቀምጦ እንደሚማር የጠየቀ ወላጅ ግን አላጋጠመኝም። ሐኪም የሚሆነው በአንዱ ክፍል፣ ነርስ የምትሆነው በሌላው ክፍል የሙያ ሥነ ምግባርን ለየብቻ ተምረው፣ ትውውቃቸው ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሚጀምር ከሆነ ይህ አሠራር መቅረት አለበት ባይ ነኝ።

አንዲት እናት ለቀዶ ሕክምና ገብታለች እንበል። የሚደረግላትን ማስረዳት የሐኪሙ ድርሻ ነው፤ ወረፋው ብዙ ነውና ፈጥኖ ያልፋል። ወረቀቱን ይዛ «እዚህ ላይ ፈርሚ» የምትላት ነርሷ ናት። እናቲቱ ምን እንደፈረመች አልገባትም። ሴት ባለሙያ እንድታያት ብትፈልግም ለማን እንደምትናገር ግራ ገብቷታል። ሐኪሙ «ነርሷ ነግራታለች» ይላል፤ ነርሷም «እሱ ነግሯታል» ትላለች። ሁለቱም ስለ ታካሚ ፈቃድ በየክፍላቸው ተፈትነው ጥሩ ነጥብ አግኝተዋል!

እኛ የኮልፌ ቀራንዮ ነዋሪዎች ሩቅ ሄደን ምሳሌ መፈለግ አያሻንም። አለርት ሆስፒታል በዚሁ በክፍለ ከተማችን ነው። በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲቋቋም ለበሽታው መድኃኒት ነበረ፤ ለሰው ዓይን ግን መድኃኒት አልነበረም። እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ስሙ ከካርድ ክፍል እስከ ቁስል ማጠቢያው በስንት እጅ ያልፋል? ይህን የምለው ሆስፒታሉን ለመውቀስ አይደለም፤ የትም ያለ ነው። ሐኪሙ አፉን ዘግቶ ነርሷ ታክሲ ውስጥ ለጓደኛዋ ብታወራ ምስጢሩ ተጠበቀ ይባላል? እሷ ጠብቃው እሱ ኮሪደር ላይ ጮክ ብሎ ቢናገረውስ? ሁለቱ የተሸከሙት አንድ አማና ነው።

«የሐኪም ኃላፊነት ይበልጣል፤ ትምህርቱም ይጠልቃል» የሚሉ አሉ። ስለ መድኃኒትና ስለ ቀዶ ሕክምና እውነት ነው። ምስጢር መጠበቅ ግን ለሐኪም ጠልቆ ለነርስ የሚቀልበት ምክንያት ምንድን ነው? በመዲና፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ አጠገብ ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ታክም የነበረችው ሩፈይዳ ሐኪም ነበረች ወይስ ነርስ? በዘመኗ ይህ ጥያቄ መነሳቱንም እጠራጠራለሁ።

አብሮ መማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በአንድ ግቢ አሠልጥኖ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። በኋላም በጅማ የሕክምና፣ የነርሲንግና የሌሎች ጤና ሙያዎች ተማሪዎች በቡድን ጤና ጣቢያ ወጥተው ሠልጥነዋል። ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አብሮ መማር ከተቻለ፣ ስለ ሰው ክብር አብሮ መማር ምን ይከብዳል?

ክፍሉ ይጠባል፣ ፕሮግራም አይገጥምም ይባል ይሆናል። ትምህርቱ ሁሉ ይቀላቀል ያለ የለም። በየሴሚስተሩ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ የሐኪም መምህርና የነርስ መምህር አብረው ይግቡ፣ በሆስፒታል በእርግጥ የሚያጋጥም ጉዳይ ይቅረብ። እዚያ ነርሷ «ዶክተር፣ ይህ መጠን አልበዛም?» ማለትን ትለማመድ፤ እሱም ሳይቆጣ መስማትን።