ጊዜን ወደ ኋላ መሄድ ይቻላልን? አሶሳን የትናንት አገር ለሚሉ የተሰጠ መልስ

ኢትዮጵያን ለማየት የሚመጡ የውጭ አገር ሰዎች የሚደጋግሟት አንዲት ቀልድ አለች። የኢትዮጵያን መሬት የረገጠ ሰው ወዲያው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ከዕድሜው ይቀነስለታል፤ ጊዜን ወደ ኋላ ተጕዟልና ይላሉ። ቀልዲቱ ክፉ አልነበረችም፤ እኛም ከእንግዶቻችን ጋራ ስቀንባታል። ነገር ግን ወደ ምዕራብ በሄደች ቍጥር መልኳን እየለወጠች ትሄዳለች። መንገደኛው አዲስ አበባን ለቆ አሶሳ ሲደርስ፥ ከዚያም ወደ ኩርሙክ ወይም ወደ ጉባ ቈላ ሲወርድ፥ ሰባት የነበረው ዓመት መቶ፥ መቶውም ሺህ ይሆናል። ይህንም የሚለው እንግዳው ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣን ነበር። ያሳዘነን በአዲስ አበባ የተማረውና ብዙ መጽሐፍ ያነበበው ወንድማችን ከቤኒ ሻንጉል ሲመለስ ካለፈ ዘመን እንደ መጣ ሰው ሆኖ ማውራቱ ነው። አንዳንዱም ነገሩን ለማጽናት የአይንስታይንን ስም ይጠራል፤ ጊዜ በየስፍራው አንድ እንዳልሆነ ሳይንስ አረጋግጧል ብሎ ይከራከራል።

እንግዲህ ፊዚክስን ምስክር አድርገው ከጠሩ፥ ምስክሩ ቀርቦ ይመርመር።

አስቀድሞ የጊዜን ስም ከጊዜው መለየት ይገባል። የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ከፍጥረት እስከ ጌታ ልደት 5500 ዘመን ብለን የምንቈጥረው የእስክንድርያን ሊቃውንት ተከትለን ነው። ምዕራባውያን ደግሞ በ6ኛው መቶ ዓመት በሮም የነበረው መነኵሴ ዲዮናስዮስ ያወጣውን ቍጥር ተከተሉ። የእስክንድርያውና የሮማው ሊቃውንት ልደቱን ያስቀመጡበት ዓመት ስላልተስማማ፥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ዓመት፥ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጕሜን ስምንት ዓመት በቍጥሩ እንለያያለን። ሁለት ግንበኞች አንድን ግድግዳ ሲለኩ አንዱ ከመሠረቱ፥ ሁለተኛው ከደረጃው በላይ ቢጀምር፥ ቍጥራቸው ይለያያል፤ ግድግዳው ግን ሁለት አይሆንም።

የዓባይ ግድብ በጉባ ወረዳ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ያን ቀን ፈረንጅ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025 ብሎ ጻፈው። በአሶሳ መስጊድ የሚሰግደው ሙስሊም 1447 ዓመተ ሒጅራ ብሎ ቈጠረው። ባሕረ ሐሳብን የሚያስብ ካህን ደግሞ ዓመቱን በ7517 ዓመተ ዓለም ዘጋው። በመዘውሩ ላይ የወረደው ውኃ ግን የወረደው አንድ ጊዜ ነው። እንግዶቻችን የቀን መቍጠሪያን ጊዜ ካሉት ዘንድ፥ የሙስሊሙ ዓመት በጨረቃ የሚሄድና ከእኛው በ11 ቀን ያህል የሚያጥር ስለ ሆነ፥ በየ33 ዓመቱ አንድ ዓመት ይቀድመናል፤ ስለዚህ የበርታው ሽማግሌ ከለንደኑ ሰው ፈጥኖ ወደ ፊት እየሮጠ ነው ማለት ይሆንባቸዋል። ይህን ሲሉ ግን አልሰማንም። ቀልዲቱ አንድ ወገን ብቻ የምታይ ናት።

የኩርሙክ ነገር ከዚህም የባሰ ነው። ኩርሙክ ድንበሩ ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት፤ እኩሏ በአሶሳ ዞን፥ እኩሏ በሱዳን። በዚህኛው ኩርሙክ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን፥ በማዶው ኩርሙክ ሰዓቱ ስምንት ይላል። ከልዩነቱ የሚበዛው እኛ ቀኑን ከንጋት፥ እነርሱ ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምሩ ነው፤ የተረፈው አንድ ሰዓት ግን የመንግሥት ትእዛዝ ነው። ሱዳን በጥር 1992 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፍታ ከእኛ ጋራ አስተካከለች፤ ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ቀድሞው መለሰችው። በዚያች ሌሊት በማዶው ኩርሙክ ተኝቶ ያደረ ሕፃን በአንድ ሰዓት አላነሰም፤ ሞቶ ያደረ ሰው ቢኖርም በተመለሰችው ሰዓት አልተነሣም። የሰው አዋጅ የሰዓትን ልሳን ያዛል፤ ከዚያ አያልፍም።

ከዚህ በኋላ ወደ ምስክሩ ቃል እንመለስ። ተቃዋሚዎቻችን አንድ እውነት ይዘዋል፤ እርሱንም አንነፍጋቸውም። አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ጊዜ ለሚሮጠው እንደሚዘገይ፥ በ1915 ባወጣው ትምህርት ደግሞ ስበት በሚበረታበት ዝቅተኛ ስፍራ ጊዜ ከከፍታው ይልቅ ቀስ እንደሚል አስተማረ። ይህ ትምህርት በወረቀት ላይ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 ሀፌሌና ኪቲንግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን አራት የአቶም ሰዓቶችን በመንገደኛ አውሮፕላን አሳፍረው ምድርን ዞሩ፤ ሲመለሱም በዋሽንግተን ከተቀመጡት ሰዓቶች ጋራ አመሳከሩ። ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ ሰዓቶቹ 59 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ዘገዩ፤ ወደ ምዕራብ ሲዞሩ 273 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ቀደሙ። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ ያለንበትን ስፍራ የሚነግረን ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው ምድርን ከሚዞሩ ሳተላይቶች ሰዓት ተቀብሎ ነው፤ የእነዚያም ሰዓት በየቀኑ ከምድሩ በ38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቀድማል። መሐንዲሶች ይህን ባያርሙት ኖሮ፥ ስሕተቱ በአንድ ቀን ብቻ 10 ኪሎ ሜትር ያህል በደረሰ ነበር።

ስለዚህ ወደ ፊት መጓዝ አለ። በፍጥነት የሄደ ወይም በዝቅታ የተቀመጠ ሰው ከባልንጀራው ያነሰ ጊዜ ቈጥሮ ይገናኘዋል፤ ወደ ባልንጀራው ነገ ደርሷል ማለት ነው። መጠኑን ግን ልብ ይሏል። በሕዋ ጣቢያ ስድስት ወር ተቀምጦ በሰከንድ ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ የከረመ ሰው ከእኛ የሚያንሰው በ5 ሺህኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው።

አሁን ይህን ሚዛን ወደ አገራችን እናምጣው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ የሁለቱን ስፍራ የከፍታ ልዩነት በስበት አብዝቶ፥ የብርሃንን ፍጥነት በራሱ አብዝቶ በተገኘው ማካፈል ነው። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ትበልጣለች፤ የግድቡ ሐይቅ ሲሞላ 640 ሜትር ላይ ነው። እንግዲያስ በሐይቁ ዳር የሚኖር የጉሙዝ ዓሣ አስጋሪ በአሶሳ ከሚኖር ነጋዴ ይልቅ በዓመት በ3 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ወጣት ሆኖ ይቈያል። አዲስ አበባ ደግሞ ከአሶሳ በ800 ሜትር ያህል ትበልጣለች። ስለዚህ አዲስ አበቤው አሶሳን በዘመን እቀድማታለሁ ቢል፥ ፊዚክስ አይከለክለውም፤ በዓመት ከ3 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ትንሽ ያነሰ ይቀድማታል። ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል ከዘመቱበት ከ1890 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሁሉ ቢደመር እንኳ፥ የአንድ ሺህኛ ሰከንድ ሲሶ ያህል ነው። ዓይን አንድ ጊዜ እስኪርገበገብ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ ያልፋል። በአይንስታይን ስም የተጠየቀው መቶ ዓመት፥ በአይንስታይን ሚዛን ሲመዘን የወጣው ይህ ነው።

ወደ ኋላ ስለ መመለስስ? እዚህ ላይ ምስክሩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ኩርት ጎደል የተባለ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1949 የአይንስታይንን ስሌት ተከትሎ፥ ዓለም ሁሉ የሚሽከረከር ቢሆን ኖሮ ተጓዡን ወደ ትናንቱ የሚያደርስ መንገድ ሊኖር እንደሚችል አሳየ። ነገር ግን ዓለማችን እንዲህ ስትሽከረከር አልታየችም። በኋላም የተነሡ ሊቃውንት በሕዋ ውስጥ ሁለት ስፍራና ሁለት ጊዜ የሚያገናኝ ዋሻ በስሌት አስበዋል፤ ዋሻውን ከፍቶ ለማቆየት ግን ማንም በሚበቃ መጠን አግኝቶት የማያውቅ፥ ከባዶም ያነሰ ኃይል ያስፈልጋል። ስቲቨን ሆኪንግ እ.ኤ.አ. በ1992 የተፈጥሮ ሕግ ያለፈውን ዘመን ከእንዲህ ያለ ጐብኚ ይጠብቀዋል የሚል አሳብ አቀረበ፤ ይህም እስካሁን አሳብ ነው፥ ፍጹም ማስረጃ አልቀረበበትም። በ2009 ደግሞ ይኸው ሰው ግብዣ ደግሶ፥ የጥሪውን ወረቀት ግብዣው ካለፈ በኋላ አወጣ፤ ወደ ኋላ መመለስ የሚችል ቢኖር አንብቦ ይመጣል ብሎ ነው። ማንም አልመጣም። የነገሩም ሥር ይታወቃል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ አያቱን በልጅነቱ የገደለ ሰው ራሱ ከወዴት ተወለደ? ካልተወለደስ ማን ገደለ? ይህን ቋጠሮ በሙከራ የፈታ ሰው እስካሁን የለም።

ከካህናት አባቶቻችን አንዳንዱ በዚህ ላይ የመጽሐፍን ነገር ያነሣ ይሆናል። መልካም ነው፤ መጽሐፉም ከእኛ ጋራ ነው። በተረፈ ባሮክ የምናነበው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ በለስ ሊለቅም ወጥቶ 66 ዓመት ተኛ፤ በለሱ እንዳልደረቀ፥ እርሱም እንዳላረጀ ነቃ። ነገር ግን የሄደው ወደ ፊት ነው። ሲነቃ ከተማይቱን አላወቃትም፤ የለቀቃት ኢየሩሳሌም አልጠበቀችውም። ለንጉሡ ለሕዝቅያስም ጥላው ዐሥር ደረጃ ሲመለስ፥ የተሰጠው 15 ዓመት ከፊቱ የተጨመረለት ነው፤ ያለፈው ዕድሜው አልተመለሰለትም። ተአምር የሚያደርግ አምላክ ይህን ማድረግ ተስኖት ነው አንልም፤ የተጻፈው ይህ ነው እንላለን። ተአምርን በፊዚክስ ለማጽናት የሚደክሙትንም አንከተልም፤ ተአምር ያለ እነርሱ ስሌት ቆሞ ኖሯል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ስለ አንዲት ቀልድ ነውን? አይደለም። ስለ አንድ ቃል ነው። «ኋላ ቀር» የሚለው ቃል በትምህርት ቤታችን፥ በጋዜጣችን፥ አንዳንድ ጊዜም በስብከታችን ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ቃሉ የሚሠራው ክፉ ሥራ ድህነትን ዘመን ማድረጉ ነው። ነገሩ ዘመን ከሆነ ደግሞ ተጠያቂ የለውም፤ ራሱ ያልፋልና መጠበቅ ብቻ ይሆናል። ሐኪም በሌለበት የኩርሙክ ወረዳ መንደር አንዲት እናት በምጥ ብትሞት፥ የሞተችው የአዲስ አበባዋ እናት በሐኪም ፊት በምትወልድበት በዚያው ዕለት፥ ከዚያችው ፀሐይ በታች ነው። ያልደረሰላት መንገድና ሐኪም ነው። መንገድ የሚሠራ፥ ሐኪም የሚልክ ደግሞ ስም ያለው ባለሥልጣን፥ ቍጥር ያለው በጀት ነው።

ደግሞስ ያ አገር ከእኛ ጋራ በአንድ ዘመን አልኖረምን? በአዲስ አበባ የሸጎሌ ሰፈር ስሟን ያገኘችው ከአሶሳው ገዥ ከሼክ ሖጀሌ አልሐሰን ነው። ከእርሳቸው አገር ወርቅ ወደ ቤተ መንግሥት ይገባ ነበር፤ ለመናገር ቢያሳፍርም፥ ከወርቁ ጋራ በባርነት የተነዱ ሰዎችም ይመጡ ነበር። የቤኒ ሻንጉል ወርቅ በአዲስ አበባ ግምጃ ቤት ሲቈጠር ያለፈ ዘመን ወርቅ ነው ያለ የለም። የዚያ ሰው ልጅ በመኳንንት ቤት ውኃ ሲቀዳ፥ ከመኳንንቱ ጋራ በአንድ ቀን ያረጅ ነበር። ወርቁንና ሰዉን በጊዜው ተቀብለን፥ የቀረውን ባዶነት «የጥንት ዘመን» ብለን ብንሰይመው፥ ይህ ታሪክን መካድ ነው።

ዛሬም ነገሩ እንደዚያው ነው። ግድቡ 13 መዘውሮች አሉት፤ ኃይላቸውም 5,150 ሜጋ ዋት ተብሎ ተቈጥሯል። ከጉባ የሚነሣው ኃይል አዲስ አበባ ለመድረስ ጥቂት ሺህኛ ሰከንድ ይበቃዋል፤ መብራታችንን ስናበራ ከጉባ ጋራ በአንድ ቅጽበት ነን። ከሐይቁ በታች ግን የጉሙዝ ሰዎች ለቀዋቸው የወጡ መንደሮች አሉ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮም የሱዳን ጦርነት ያሳደዳቸው ሰዎች በኩርሙክ በኩል ወደ አሶሳ ዞን ገብተዋል። ወደ ትናንት የሚወስድ መንገድ ቢኖር፥ ከእነዚህ ይልቅ አጥብቆ የሚፈልገው ማን ነበር? ሥዕል ለማንሣት ለሚመጣው መንገደኛ ይህ ጨዋታ ነው፤ ለእነርሱ ግን የጠፋ ቤት ነው። ፊዚክስ ያንን ቤት አይመልስላቸውም፤ ምትክ ቤትና ምትክ መሬት ለመስጠት ደግሞ ፊዚክስን የሚጠይቅ የለም።

የመማሪያ መጽሐፍ የሚጽፉ፥ ለጐብኚዎች መምሪያ የሚያዘጋጁ፥ በዐውደ ምሕረትም የሚያስተምሩ ሁሉ ይህን ቃል እንዲተዉ እንጠይቃለን። ስለ አሶሳና ስለ ኩርሙክ ሲጽፉ የጐደለውን በስሙ ይጥሩት፤ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር መንገድ፥ ይህን ያህል አስተማሪ፥ ይህን ያህል ጕድጓድ ውኃ ይበሉ። ይህ አይሆንም፥ አሶሳ በእውነት ወደ ኋላ ናት የሚል ቢኖር፥ ክርክሩን በዚህ ገጽ ለመቀበል ዝግጁ ነን፤ በስንት ሰከንድ እንደ ሆነ ግን ቍጥሩን አብሮ ይላክልን።