ነፋስ ምን ማለት ነው?

ከደብረ ታቦር ወደ ወልድያ የሚጓዝ መንገደኛ የጉናን ተራራ በስተኋላው ትቶ ላይ ጋይንት በገባ ጊዜ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ያገኛል፤ ስሟም ነፋስ መውጫ ይባላል። እዚያ የወረደ ሰው ጋቢውን እየተከናነበ የስሟን ምክንያት ማንንም ሳይጠይቅ ያውቀዋል። በጋይንትም በስማዳም በእስቴም ደጋ ነፋስ እንደ ጎረቤት በየቀኑ ስሙ ይነሣል። ነገር ግን በአፋችን የምናዘወትረውን ቃል ሁሉ መርምረን እናውቀዋለን ማለት አይደለም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት እኛ በጸሐፊነት በምናገለግልበት ፍርድ ቤት አንዲት ወጣት እናት የፍቺ ማመልከቻ ይዛ ቀረበች። የጠቡም ሥር መስኮት ነበረ። ባሏ በጎጇቸው ግድግዳ ላይ ትንሽ መስኮት ቢከፍት እናቱ «ነፋስ ሕፃኑን ይገድለዋል» ብለው በጭቃ መረጉት፤ እርሷ ደግሞ «ልጄ በጭስ ታፍኖ፣ ነፋስ አጥቶ ይሞታል» ብላ መረጉን አፈረሰችው። ይህም ሦስት ጊዜ ተደጋገመ፤ ባልየውም ለእናቱ ወይም ለሚስቱ ማድላት ቸግሮት ዝም አለ። አማቷ ተጠርተው መጥተው የሁለቱንም ቃል በጻፍን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልን፤ ሁለቱ የሚወዱት ሕፃን አንድ፣ የሚጣሉበትም ቃል አንድ ነበረ።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን «ዊንድ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቃል ነፋስ ብለን እንድንተረጕም ተምረን ነበር፤ እያደር ግን ከዚያ የሰፋ ሆኖ አገኘነው። እንግሊዞች በሜዳ የሚነፍሰውን ነፋስ፣ የሯጭን ትንፋሽ፣ በሆድ ውስጥ የሚጮኸውንም አየር ዊንድ ይሉታል። የተሰወረ ነገር ወሬው የደረሰውን ሰው «የነገሩን ነፋስ አገኘ»፣ ደክሞ ሳለ እንደ ገና የበረታውንም «ሁለተኛ ነፋስ አገኘ» ይላሉ። በዚያው ፊደል ተጽፎ «ዋይንድ» ተብሎ የሚነበበው ግን መጠምጠም ማለት ነው እንጂ ከነፋስ ጋራ ዝምድና የለውም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው መስኮትን የሚጠሩበት «ዊንዶው» የተባለው ስም ነው፤ ከጥንት ስካንዲናቪያውያን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የነፋስ ዓይን ማለት ነው።

የእኛም ቋንቋ በዚህ አያንስም። ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስና እስትንፋስ በግዕዝ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ወሬ ተናፈሰ እንላለን፤ የምናርፍበትን ጥላማ ስፍራ መናፈሻ እንለዋለን። ገበሬው በአውድማ ላይ መንሹን ይዞ የሚጠብቀው ነፋስን ነው፤ ነፋስ ካልመጣ ፍሬው ከገለባው አይለይም። ፊቱ በድንገት የተጣመመውንም ሰው ነፋስ መታው እንላለን፤ ሐኪሞች ግን ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የፊት ነርቭ ሲቈጣ ነው ይላሉ። አንዳንድ ጊዜም በአንጎል ደም ሥር ላይ የደረሰ ከባድ ሕመም ሊሆን ስለሚችል፣ በሽተኛውን ከነፋስ ሸሽጎ ከማስተኛት ይልቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

እንግዲህ ወደ ጎጆዋ እንመለስ። አማቲቱ ነፋስ ሲሉ ብርድ ማለታቸው ነው፤ እውነትም አላቸው። ገና የተወለደ ሕፃን የገላውን ሙቀት ፈጥኖ ያጣልና በደጋ ሌሊት ሳይሸፈን ሊተው አይገባም። ምራቲቱ ነፋስ ስትል እስትንፋስ ማለቷ ነው፤ እርሷም እውነት አላት። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 የምድጃ ጭስ የቤት ውስጥ አየርን በመበከሉ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ነበሩ። ጭስ የሕፃንን ሳንባ እየጐዳ ለሳንባ ምች ያጋልጠዋልና።

ስለዚህ የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፣ መስኮቱ ነፋስ ከሚበረታበት ወገን ሳይሆን በተቃራኒው፣ ከፍ ብሎ በምድጃው አጠገብ ይከፈት፤ የሚነደውም እንጨት ደረቅ ይሁን። ሕፃኑም ራሱ ተሸፍኖ፣ ከእናቱ ደረት ተጠግቶ፣ ከምድጃው ርቆ ይተኛ።

ዳኛው ነገሩን ለሽማግሌዎች መሩት፤ እነርሱም በፍርድ ቤቱ ግቢ ከወይራው ሥር ተቀምጠው እንዲሁ ፈረዱ። ማመልከቻው ተነሣ፤ አማቲቱም ለልጅ ልጃቸው መጠቅለያ የሚሆን ጋቢ ሊሰጡ ቃል ገቡ። ከዚያም ታላቁ ሽማግሌ ባልና ሚስቱን ሲመርቁ እንደ አገሩ ልማድ «ነፋስ አይግባባችሁ» አሉ። ምራቲቱ ደንግጣ ቀና አለች። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «በመካከላችሁ ማለቴ ነው ልጄ፤ በመስኮቱስ ይግባ» አሏት።