አድራሻ የሌለው አቤቱታ፦ የጎዳና ተዳዳሪዎች ቅሬታና የፖሊስ ተጠያቂነት

በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው በፖሊስ ላይ የሚያሰማው ቅሬታ ረጅም አይደለም። በሌሊት ተቀስቅሶ መነዳቱን፣ ብርድ ልብሱንና ላስቲኩን መነጠቁን፣ መመታቱን፣ በመኪና ተጭኖ ወደማያውቀው ስፍራ መወሰዱን፣ ለዚህ ሁሉ ምክንያት የነገረው አለመኖሩን ይናገራል። ታላላቅ ስብሰባዎችና የአደባባይ በዓላት ሲቃረቡ «አፈሳ» የሚለው ቃል በጎዳናው ላይ ከአፍ አፍ ይተላለፋል። ይህ ቅሬታ ግን በአቤት ባዩ ስም መዝገብ ተከፍቶለት ለውሳኔ ሲበቃ እምብዛም አይታይም።

የዚህ ዝምታ መንስኤ ብዙውን ጊዜ የሚፈለገው በጎዳና ተዳዳሪው ዘንድ ነው፤ መብቱን አያውቅም፣ ይፈራል፣ ነገ የት እንደሚገኝ አይታወቅም ይባላል። የዚህ ጽሑፍ አቋም የተለየ ነው። መንስኤው በአንድ በኩል ሰውን በኑሮው ሁኔታ ተጠርጣሪ በሚያደርግ ሕግ፣ በሌላ በኩል ቤትና አድራሻ ያለውን ሰው ብቻ አስቦ በተዘረጋ የአቤቱታ አሠራር ውስጥ ይገኛል።

ሁኔታ እንደ ወንጀል

የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384/1996 አንድን ሰው አደገኛ ቦዘኔ ከሚያሰኙት መመዘኛዎች መካከል የሚታይ መተዳደሪያ ማጣትን ያካትታል። በዚህ አዋጅ የተጠረጠረ ሰው በዋስ አይለቀቅም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዋስትናን መብት አድርጎ ሲደነግግ ክልከላውን በሕግ ለሚወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ትቶታል፤ ድህነትን የጥርጣሬ መነሻ የሚያደርግ አዋጅ ከእነዚህ ልዩ ሁኔታዎች መመደቡ ራሱ አጠያያቂ ነው። አዋጁ ተጨማሪ መመዘኛዎችን ቢጠይቅም፣ በሌሊት ጎዳና ላይ በሚደረግ ፍተሻ ለፖሊስ ዓይን ቀድሞ የሚታየው ማጣቱ ነው። አቤት ባዩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ተጠርጣሪ ሆኗል፤ ስለ አያያዙ ሲናገርም «ለምን ጎዳና ላይ ተገኘህ?» የሚለው ጥያቄ ይቀድመዋል።

በአፍሪካ ይህ አስተሳሰብ በሕግ ፊት ተፈትኖ ወድቋል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1824 የወጣው የቦዘኔነት ሕግ በቅኝ ግዛት አማካይነት ወደ በርካታ የአህጉሪቱ አገሮች ተዛምቶ ነበር። የዚህ ሕግ ወራሽ በሆነችው ማላዊ ፌስታል እየሸጠ የሚተዳደር አንድ የጎዳና ነጋዴ ገና ሳይነጋ ወደ ሥራው ሲሄድ በፖሊስ ተይዞ በዚሁ ዓይነት ድንጋጌ ተከሰሰ፤ በሕግ ባለሙያዎች እገዛ ጉዳዩን ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ድንጋጌው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተብሎ ተሻረ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በሰጠው የምክር አስተያየት መሰል ሕጎች ከአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ጋር እንደማይጣጣሙ ገልጿል። ኢትዮጵያ ፍርድ ቤቱን ያቋቋመውን ፕሮቶኮል አላጸደቀችም፤ ቻርተሩን ግን አጽድቃለች፤ አስተያየቱ የተተረጎመበት ቃል እርሷንም የሚያስገድድ ቃል ነው።

ለባለ ቤት የተሠራ በር

ሁለተኛው እንቅፋት በአቤቱታው መንገድ ላይ ነው። በተለመደው አሠራር ቅሬታ ተቀባዩ መታወቂያ፣ አድራሻና ስልክ ይጠይቃል። የነዋሪነት መታወቂያ ለማግኘት የተመዘገበ መኖሪያና ከቀድሞ ቀበሌ የተጻፈ መሸኛ ያስፈልጋል፤ ጎዳና ላይ የሚያድረው ሰው ያጣውም ይህንኑ ነው። የተመታ ሰው ጉዳቱን በሕክምና ማስረጃ ለማስደገፍ ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ ከፖሊስ የተጻፈ ደብዳቤ ይጠየቃል። ከሳሹ የተከሳሹን መሥሪያ ቤት ማኅተም ይዞ እንዲመጣ የሚጠይቅ አሠራር ነው። ምስክሮቹም አብረውት ያደሩት ናቸው፤ እነርሱም በማግሥቱ በዚያው ስፍራ ላይገኙ ይችላሉ። ሌሊት የቀሰቀሰው የከተማው ፖሊስ ይሁን የፌዴራል ፖሊስ ወይስ ደንብ አስከባሪ ለይቶ ካላወቀ፣ አንዱ ተቋም ወደ ሌላው ሊመልሰው ይችላል።

ይህ ሁሉ የማይቀር ግዴታ እንዳልሆነ የሚያሳይ ምሳሌ በአገር ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 210/1992 አቤቱታ በቃል እንዲቀርብና ሦስተኛ ወገን ስለ ተጎጂው እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ኮሚሽኑ በራሱ ተነሳሽነትም ከጎዳና ተይዘው በማቆያ ስፍራዎች የቆዩ ሰዎችን ሁኔታ ተከታትሎ መግለጫ አውጥቷል። የኮሚሽኑ ሥልጣን ግን በምክረ ሐሳብ ይገደባል፤ አንድን የፖሊስ አባል በዲሲፕሊን ሊጠይቅ የሚችለው የራሱ ተቋም ነው። በሩ ሰፊ በሆነበት ሥልጣኑ ጠባብ፣ ሥልጣኑ ባለበት በሩ ጠባብ ሆኗል።

የጸጥታው ጥያቄ

ይህን አቋም የሚቃወሙ ወገኖች የሚያነሡት ሐሳብ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነዋሪው በምሽት መዘረፍን ይፈራል፤ ፖሊስም የነዋሪውን አቤቱታ የመስማት ግዴታ አለበት። ይሁን እንጂ ስርቆት፣ ዝርፊያና ድብደባ በወንጀል ሕጉ ቀድሞውንም የተከለከሉ ናቸው። የሰረቀውን ለመያዝ የተኙትን ሁሉ ማፈስ አያስፈልግም። እንዲያውም ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሴቶችና ሕፃናት በሌሊት ለጥቃት ከሁሉ በላይ የተጋለጡ ናቸው፤ ፖሊስን የሚሸሹ ከሆነ በእነርሱ ላይ የተፈጸመውን ወንጀል የሚነግረው፣ ወንጀለኛውንም የሚጠቁመው አይኖርም። ተጠያቂነት የፖሊስን ሥራ ያግዛል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት እርምጃዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው አዋጅ ቁጥር 384/1996 ተፈትሾ ማጣትን የጥርጣሬ መነሻ ያደረገው ክፍልና የዋስትናው ክልከላ እንዲሻሩ ነው። ሁለተኛው ፖሊስ ያለ መታወቂያና ያለ አድራሻ በቃል የሚቀርብን፣ እንዲሁም በበጎ አድራጎት ድርጅት፣ በሃይማኖት ተቋም ወይም በዩኒቨርሲቲ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል በኩል የሚመጣን ቅሬታ እንዲቀበል፣ መጥሪያውም በእነዚሁ በኩል እንዲደርስ ነው። ሦስተኛው የጤና ተቋማት የጉዳት ማስረጃ ለመስጠት የፖሊስን ደብዳቤ ቅድመ ሁኔታ እንዳያደርጉ ነው።

መጠለያ መሥራት ዓመታትን ይፈልጋል፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ቅሬታን በቃል ሰምቶ መመዝገብ ግን ከወረቀትና ከብዕር የበለጠ አይጠይቅም። ሕገ መንግሥቱ ማንኛውም ሰው ፍትሕ የማግኘት መብት እንዳለው ሲደነግግ የቤት ቁጥር አልጠየቀም። የፖሊስ ጣቢያውም ሊጠይቅ አይገባም።